ከፈንገስ የሚገኙ ውህዶች፦ የትኛው ለየትኛው ሥራ?

የሽንኩርት ልጣጭ ላይ ጥላሸት መስሎ የሚታየው ጥቁር ሻጋታ አስፐርጊለስ ናይጀር ከሚባለው ወገን ነው። ይህ ሻጋታ ስኳር በሞላበት፣ ማንጋኒዝ እንዲጠፋ በተደረገበትና ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲድነቱ ይበረታል) ከ3 በታች በወረደ ፈሳሽ ውስጥ አየር በብዛት እየተነፋለት ሲያድግ ሲትሪክ አሲድ ያፈሳል። ፒኤቹን ወደ 6 ግድም ከፍ አድርገው ሲይዙለት ስኳሩን ግሉኮኒክ አሲድ ያደርገዋል። የጥጃ ዘረመል ሲገባለት ደግሞ ወተት የሚያረጋ ኢንዛይም ያመነጫል። ሦስቱም ገበያ ላይ የፈንገስ ውጤት ተብለው ይሸጣሉ፤ አንዱ ግን የሌላውን ሥራ አይሠራም።

ስለዚህ «ከፈንገስ የተገኘ» ወይም «ተፈጥሯዊ» የሚል ጽሑፍ ምርጫን አያቀልም። ሁለት ጥያቄዎች ግን ያቀልሉታል። የመጀመሪያውን ሁሉም ይጠይቀዋል፦ ይህ ዕቃ እኔ በምሠራበት ሙቀትና አሲድነት ይሠራል ወይ? ሁለተኛውን የሚጠይቀው ጥቂት ሰው ነው፦ ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ወዴት ይሄዳል? ይሞታል፣ ይታጠባል፣ ወይስ ምርቱ ውስጥ ተቀምጦ መሥራቱን ይቀጥላል? በዚህ ዘርፍ ምርጫ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛው ጥያቄ ሳይጠየቅ ሲቀር ይመስለኛል። ከታች ያለው ንጽጽር ደጋግሞ ወደዚያው የሚመለሰውም ለዚህ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አሲዶች፦ ሲትሪክ ወይስ ግሉኮኒክ?

ሲትሪክ አሲድን ከሎሚ ጭማቂ ለይቶ ያወጣው ስዊድን ይሠራ የነበረው ካርል ቪልሄልም ሼሌ ነው፤ ዘመኑ 1784። ከዚያ በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ የአሲዱ ምንጭ ሎሚ ነበር፤ ገበያውን የያዘችውም ጣሊያን ነበረች። በ1917 አሜሪካዊው ኬሚስት ጄምስ ከሪ ጥቁሩ ሻጋታ ከስኳር ብዙ ሲትሪክ አሲድ እንደሚሰጥ አሳየ፤ ፋይዘር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያም በ1919 በዚሁ መንገድ ማምረት ጀመረ። ዛሬ በዓመት ከ2 ሚሊዮን ቶን በላይ ይመረታል፤ ከሞላ ጎደል ሁሉም የሻጋታ ሥራ ነው። ሞለኪውሉ አንድ ስለሆነ «ከሎሚ የመጣው ይሻላል ወይስ ከሻጋታ?» ብሎ መጨነቅ አያስፈልግም። የሚያስጨንቀው ምርጫ ሌላ ቦታ ነው።

ሲትሪክም ግሉኮኒክም ካልሲየምንና ብረትን አቅፈው የመያዝ ጠባይ አላቸው። ስለዚህ ለጽዳት ሥራ ሁለቱም በአማራጭነት ይቀርባሉ። ልዩነቱ የሚወጣው በፒኤች ነው። ማፍያ ወይም ቧንቧ ውስጥ የተጋገረ ኖራ ለማስለቀቅ አሲድነት ራሱ ስለሚያስፈልግ ሲትሪክ አሲድ ይመረጣል። ብርቱ ኮስቲክ ሶዳ ባለበት ውሃ ውስጥ ግን፣ ለምሳሌ በጠርሙስ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ፣ የሲትሪክ ጉልበት ይከዳል። ሶዲየም ግሉኮኔት በዚያ አካባቢ ካልሲየሙንና የብረት ዝገቱን አጥብቆ ይይዛል፤ ጠርሙሱም ነጭ ደለል ሳይቀርበት ይወጣል። በኮስቲክ ለሚሠራ ሰው ሲትሪክ አሲድ መግዛት ሁለት ጊዜ መክሰር ነው፤ አሲዱ ኮስቲኩን ያረክሳል፣ ኮስቲኩም አሲዱን ያመክናል።

ኖራ በማስለቀቅ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። ሲትሪክ አሲድ ከኖራው ጋር ተዋህዶ ካልሲየም ሲትሬት ይሆናል፤ ይህ ጨው ከብዙ ጨዎች በተቃራኒ ውሃው በሞቀ ቁጥር መሟሟቱ ይቀንሳል። ስለዚህ «ቶሎ ይሥራልኝ» ብሎ የተወፈረ ሲትሪክ አሲድን የሚያፈላ ሰው አንዱን ቅርፊት አውጥቶ ሌላ ቅርፊት ይተክላል። ለብ ያለ ውሃ፣ ቀጠን ያለ አሲድና በቂ ጊዜ ይሻላሉ።

ሶዲየም ግሉኮኔት ሌላ ትልቅ ደንበኛ አለው፦ ኮንክሪት። ከሲሚንቶው ክብደት 0.1 በመቶ እንኳ በማይሞላ መጠን ተጨምሮ ኮንክሪቱ ቶሎ እንዳይጠነክር ያዘገያል፤ ሙቀት በበረታበት ወይም መንገዱ በራቀበት ሥራ ይህ ብዙ ዋጋ አለው። ሲትሪክ አሲድም ያዘገያል፤ ነገር ግን ለዚህ ሥራ ግሉኮኔት የበለጠ ኃይለኛ ነው። መጠኑ ከታሰበው ካለፈ ግን ኮንክሪቱ በጊዜው አይጠነክርም፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ሚዛን የማይታመን ከሆነ ዕቃውን አለመግዛት ይሻላል።

ለምግብ ሲሆን የምርጫው መስፈርት የጎምዛዛነቱ ፍጥነት ነው። ሲትሪክ አሲድ ገና ሲነካ ይጎመዝዛል፣ ውሃ ውስጥም ቶሎ ይሟሟል። የግሉኮኒክ አሲድ ዘመድ የሆነው ግሉኮኖ ዴልታ ላክቶን ግን ውሃ ሲያገኝ ቀስ እያለ ወደ አሲድነት ይለወጣል። ቶፉ ለሚያረጋ ወይም ቋሊማ ለሚያዘጋጅ ሰው ይህ ዝግታ ወርቅ ነው፤ ፕሮቲኑ በድንገት ተቆራርጦ ከመሟሸሽ ይልቅ ለስላሳ ሆኖ እኩል ይረጋል።

ሦስተኛው አሲድ ኢታኮኒክ ነው፤ የሚሰጠው አስፐርጊለስ ቴሬየስ የተባለ ሻጋታ ነው። ሞለኪውሉ ውስጥ ድርብ ትስስር ስላለው እንደ ፕላስቲክ መነሻ ይያያዛል፤ ተፎካካሪው ከነዳጅ የሚወጣው አክሪሊክ አሲድ ነው። በዋጋ ብቻ ከተወዳደሩ ብዙውን ጊዜ ነዳጁ ያሸንፋል። ስለዚህ ኢታኮኒክ ቦታ የሚያገኘው በጥቂት መጠን ገብቶ ብዙ በሚለውጥበት፣ ለምሳሌ በቀለምና በወረቀት መቀቢያ ላቴክስ ውስጥ ነው።

ፈንገስ የተሸነፈባቸውንም መጥቀስ ተገቢ ነው፤ አለዚያ መመሪያው ማስታወቂያ ይሆናል። ፉማሪክ አሲድ በ1940ዎቹ ራይዞፐስ በተባለ ሻጋታ ይመረት ነበር፤ የነዳጅ ኬሚስትሪ ሲረክስ ግን ገበያውን ወሰደው። ላክቲክ አሲድንም ያው ራይዞፐስ ንጹሕ አድርጎ ይሠራዋል፤ ቢሆንም ባክቴሪያዎች በፍጥነት ስለሚበልጡት ትልቁ ምርት የእነሱ ነው። ላክቲክ አሲድ የሚገዛ ሰው የፈንገሱን ብቻ እየፈለገ መድከም የለበትም።

ወተት የሚያረጉ ኢንዛይሞች፦ ምርጫው ከባድ የሆነበት ቦታ

ከሁሉም በላይ ልቆይበት የምፈልገው ይህን ነው፤ አንድ የተሳሳተ ምርጫ ስህተቱን የሚያሳየው ከወራት በኋላ ስለሆነ።

ወተት ውስጥ ያሉት የኬዚን (የወተት ዋና ፕሮቲን) እንክብሎች ካፓ-ኬዚን የሚባል ፀጉር መሰል ሽፋን አላቸው፤ እርስ በርስ እንዳይጣበቁ የሚያደርጋቸውም እሱ ነው። የጥጃ ጨጓራ የሚሰጠው ካይሞሲን ይህን ፕሮቲን በአንድ ቦታ፣ በ105ኛውና በ106ኛው አሚኖ አሲድ መካከል ይቆርጠዋል። ሽፋኑ ሲራገፍ እንክብሎቹ ይያያዛሉ፤ ወተቱም ይረጋል። ጥሩ አርጊ ኢንዛይም ማለት ይህን አንድ ቦታ በፍጥነት ቆርጦ ሌላውን ፕሮቲን ብዙም የማይነካ ነው። ሌላውንም የሚቆራርጥ ከሆነ ፕሮቲኑ ተሰባብሮ ከአጓቱ ጋር ይፈስሳል፤ የአይቡ ምርት ያንሳል። አይቡ ለወራት ሲቆይ ደግሞ ቁርጥራጮቹ ምሬት ያመጣሉ።

አማራጮቹ በዋናነት ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው ራሱ የጥጃው ጨጓራ ነው፤ ጥራቱ የታወቀ፣ አቅርቦቱ ግን በሚታረደው ጥጃ ቁጥር የተገደበ። ሁለተኛው ራይዞሙኮር ሚሄይ ከተባለ ሻጋታ በቀጥታ የሚወጣው ፕሮቲን ቆራጭ ነው፤ በተለምዶ የማይክሮብ ሬኔት ይባላል። ሦስተኛው የጥጃው ዘረመል ገብቶላቸው እውነተኛውን ካይሞሲን እንዲሠሩ ከተደረጉ ተህዋስያን የሚገኘው ነው። በዚህ መንገድ የተሠራ ካይሞሲን በአሜሪካ ለምግብ የተፈቀደው በ1990 ሲሆን የመጀመሪያው አምራች ባክቴሪያ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ክሉይቬሮማይሲስ ላክቲስ የተባለው እርሾና ጥቁሩ አስፐርጊለስ ተከተሉ።

በቀናት ውስጥ ለሚበላ ትኩስ አይብ የራይዞሙኮሩ በቂ ነው፤ ዋጋውም ይቀላል። ምሬት ለመፍጠር ጊዜ አያገኝም። ለወራት ለሚቆይ ጠንካራ አይብ ግን እኔ ያለ ማመንታት ካይሞሲንን እመርጣለሁ፤ ከጥጃም ይምጣ ከአስፐርጊለስ። በኢንዛይሙ ላይ የተቆጠበው ገንዘብ ከአጓቱ ጋር በሚፈስሰው ፕሮቲን በኩል ተመልሶ ይወጣል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንመለስ፦ ወተቱ ከረጋ በኋላ ኢንዛይሙ ወዴት ይሄዳል? አብዛኛው ከአጓቱ ጋር ይወጣል። አጓቱ የሚደፋ ከሆነ ችግር የለም። ደርቆ ለሌላ ምግብ የሚውል ከሆነ ግን የራይዞሙኮሩ የመጀመሪያ ዓይነት ሙቀት ስለሚችል ከተለመደው የወተት ማሞቂያ ተርፎ ዱቄቱ ውስጥ ይቀራል፤ በኋላም ዱቄቱ በገባበት ምርት ፕሮቲን መቁረጡን ይቀጥላል። አምራቾች ይህን ስላዩ ኢንዛይሙን በኦክሲጅን ኬሚስትሪ አዳክመው ሙቀት የማይችል ዓይነት አወጡ። ስለዚህ የማይክሮብ ሬኔት የሚገዛና አጓቱን የሚሸጥ ሰው ሙቀት የማይችለውን ዓይነት ለይቶ መጠየቅ አለበት፤ ስማቸው ሊመሳሰል ይችላል።

ሌላም አማራጭ አለ፤ ለእኔ ከሁሉም የሚያስደንቀው እሱ ነው። የግመል ካይሞሲን ዘረመል በአስፐርጊለስ ናይጀር ውስጥ ገብቶ ሲሠራ፣ የላም ወተትን በማርጋት ከጥጃው ካይሞሲን በ70 በመቶ የበለጠ ኃይል አሳየ፤ ሌላውን ፕሮቲን የመቆራረጥ ጠባዩ ደግሞ የጥጃው ሩብ ያህል ብቻ ነው። የግመል ወተትን የጥጃው ኢንዛይም በቅጡ አያረጋውም፤ የግመሉ ግን ያረጋዋል። ቆራጭነቱ ቁጥብ ስለሆነ ረጅም ለሚቆይ አይብ ምሬትን ይቀንሳል፤ በተቃራኒው አይቡ ቶሎ እንዲለሰልስ ለሚፈልግ ሰው ይህ ቁጥብነት ማዘግየት ሊሆንበት ይችላል።

የእንስሳ አካል የማይፈልጉ ተመጋቢዎች ላሉት አምራች ሁለተኛውም ሦስተኛውም ይሆናሉ። የዘረመል ምሕንድስና የማይፈቅድ ምስክር ወረቀት ላለው አምራች ግን ሦስተኛው ይቀርና ምርጫው በጥጃውና በራይዞሙኮሩ መካከል ብቻ ይሆናል። ይህን ከቴክኒኩ በፊት ማጣራት ድካም ይቀንሳል።

በጨርቅ፣ በዳቦና በስታርች ላይ

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በሰለሞን ደሴቶች የአሜሪካ ጦር የጥጥ ድንኳኖችና ልብሶች እየበሰበሱ አስቸገሩ። ከዚያ የተገኘው ፈንገስ ዛሬ ትራይኮደርማ ሪሴይ ይባላል፤ ስሙ ሲያጠናው ለኖረው ለኤልዊን ሪስ መታሰቢያ ነው። ጥጥ የሚያፈርሰው ይህ ጠላት አሁን ሴሉሌዝ የተባለው፣ የጥጥን ክር የሚቆርጠው ኢንዛይም ዋና ምንጭ ነው፤ የተሻሻሉት ዝርያዎቹ በአንድ ሊትር ፈሳሽ ከ100 ግራም በላይ ፕሮቲን ያፈሳሉ።

ጂንስን በድንጋይ ከማሸት ይልቅ በሴሉሌዝ ማሳሳት የተለመደ ነው። ምርጫው በሁለት ዓይነት መካከል ነው። የትራይኮደርማው ፒኤች 5 ግድም ላይ የሚሠራ አሲዳዊ ሴሉሌዝ ነው፤ ፈጣንና ርካሽ ነው፣ ነገር ግን የለቀቀውን ሰማያዊ ቀለም ነጩ ክር ላይ መልሶ የማስቀመጥ ጠባይ አለው፤ ጨርቁንም የበለጠ ያደክማል። ሁሚኮላ ኢንሶለንስ ከተባለው ፈንገስ የሚወጣው ፒኤቹ ወደ ገለልተኛ ሲጠጋ ይሠራል፤ ጊዜ ይወስዳል፣ ነጭና ሰማያዊው ግን ጥርት ብሎ ይለያል። ለርካሽ ምርት የመጀመሪያው፣ የቀለም ንጽጽር ለሚያስፈልገው ሁለተኛው። በሁለቱም ላይ ኢንዛይሙን መግደል አይረሳ፦ ፒኤቹን ከ9 በላይ አድርሶ ውሃውን ወደ 80 ዲግሪ ማሞቅ ይበቃል። ይህ ካልተደረገ ኢንዛይሙ እርጥብ ጨርቅ ውስጥ ሆኖ ጥጡን መብላቱን ይቀጥላል፤ ሱሪው ደንበኛው እጅ ላይ ይቀደዳል።

ዳቦ ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ ደካማው ያሸንፋል። አስፐርጊለስ ኦራይዜ የሚሰጠው፣ ስታርች የሚቆርጠው ኢንዛይም አልፋ-አሚሌዝ ሙቀት አይችልም፤ ጃፓናዊው ጆኪቺ ታካሚኔ በ1894 በአሜሪካ ፓተንት ያስመዘገበው ዝግጅትም ከዚሁ ሻጋታ ነበር። ሊጡ ምድጃ ሲገባ ኢንዛይሙ እስኪሞት ድረስ ለእርሾው ስኳር ያዘጋጅና ስታርቹ ሙሉ በሙሉ ከመላቆጡ በፊት አብዛኛው ይሞታል። ከባሲለስ ሊኬኒፎርሚስ የሚገኘው የባክቴሪያ አሚሌዝ ግን ከ90 ዲግሪ በላይ እንኳ ይሠራል፤ ዳቦ ውስጥ ቢገባ እየተጋገረም ስታርቹን መቁረጡን አይተውም፣ ዳቦውም ቢላዋ ላይ የሚጣበቅ ሙጫ ይሆናል። ነገር ግን የፈንገሱ ቶሎ መሞቱ ዳቦውን ቆይቶ ከመድረቅ አያድነውም፤ ለዚያ በሙቀት መቻል መካከለኛ የሆነ ማልቶጄኒክ አሚሌዝ ለብቻው ይመረጣል፤ ምንጩም ባክቴሪያ ነው።

ከስታርች ግሉኮስ ለሚያመርት ፋብሪካ ደግሞ የባክቴሪያውና የፈንገሱ ኢንዛይሞች ተቀናቃኞች ሳይሆኑ ተቀባባዮች ናቸው። የባክቴሪያው አሚሌዝ ስታርቹን በ105 ዲግሪ ግድም ያቀጥነዋል፤ ከዚያ ፈሳሹ ወደ 60 ዲግሪ ቀዝቅዞ፣ ፒኤቹ ወደ 4.5 ወርዶ የአስፐርጊለሱ ግሉኮአሚሌዝ ይረከበዋል። «የቱ ይሻላል?» ብሎ ከሁለቱ አንዱን ብቻ መግዛት ሥራውን መሃል ላይ ያቆመዋል።

ቀለምና ቫይታሚን

ሞናስከስ የተባለው ሻጋታ ሩዝን ቀይ ያደርጋል፤ በቻይናና በአጎራባች አገሮች ለምግብ ማቅለሚያነት ከዘመናት ጀምሮ ይሠራበታል። ከቀይ ሥር ቀለም ጋር ሲወዳደር ሙቀትን በተሻለ ይችላል፣ ከሥጋ ፕሮቲንም ጋር ይስማማል፤ ብርሃን ግን ያደበዝዘዋል። የእኔ ጥንቃቄ ከቀለሙ ጋር ተሳፍረው በሚመጡት ላይ ነው። አንዳንድ ዝርያዎች ሲትሪኒን የተባለ ኩላሊት የሚጎዳ መርዝ ይሠራሉ። የአውሮፓ ኅብረት በ2019 ባወጣው ደንብ ከቀይ ሩዝ በሚሠሩ ማሟያዎች ውስጥ የሲትሪኒንን ጣሪያ በኪሎ 100 ማይክሮግራም አደረገው። ሁለተኛው ተሳፋሪ ሞናኮሊን ኬ ነው፤ ይህ ሎቫስታቲን ከተባለው የኮሌስትሮል መድኃኒት ጋር አንድ ዓይነት ሞለኪውል ነው፤ በ2022 ያው ኅብረት የቀን መጠኑ ከ3 ሚሊግራም በታች እንዲሆን ወሰነ። ስለዚህ የሞናስከስ ቀለም የሚገዛ ሰው የሁለቱንም የምርመራ ውጤት ለእያንዳንዱ ጭነት ካልተሰጠው አይግዛ፤ በአውሮፓ ለሚሸጥ ምርት ደግሞ እንደ ምግብ ቀለም የተፈቀደ ስላልሆነ ሌላ ይፈልግ።

ቢጫና ብርቱካናማ ለሚፈልግ ብላኬስሊያ ትሪስፖራ የተባለው ፈንገስ ቤታ-ካሮቲን ይሰጣል። ይህ ካሮቲን በቅርጹ በፋብሪካ ከሚቀናበረው ጋር በጣም ይቀራረባል፤ ጥቅሙም ምንጩ የነዳጅ ኬሚስትሪ አለመሆኑ ነው። የዱናሊየላ አልጌው በተለየ ቅርጽ ያለውን ካሮቲን ቀላቅሎ ይመጣል።

ቫይታሚን ቢ2ን በተመለከተ ማብላላት የኬሚካሉን መንገድ ከገበያ አስወጥቶታል። የቀሩት ሁለት ናቸው፦ የጥጥ በሽታ ሆኖ የተገኘው አሽቢያ ጎሲፒ የተባለው ፈንገስና በዘረመል የተሻሻለው ባሲለስ ሰብቲሊስ ባክቴሪያ። ቫይታሚኑ አንድ ነው፤ ልዩነቱ በቀሪው ላይ ነው። ባሲለስ ሙቀት የሚቋቋም ዘር ይሠራል፤ በ2014 ጀርመን ውስጥ ለመኖ በመጣ ቢ2 ውስጥ በሕይወት ያለ የተሻሻለ ባሲለስ ተገኝቶ ነበር። ንጽሕናው በምርመራ ከተረጋገጠ ሁለቱም ይሆናሉ፤ ካልተረጋገጠ እኔ ወደ አሽቢያው አደላለሁ።

መድኃኒትና የሰብል መከላከያ፦ እንዳለ፣ ተሻሽሎ ወይስ ተቀናብሮ?

መድኃኒት የሚመርጠው ሐኪም ስለሆነ በዚህ ላይ አልዘገይም። ለአምራችና ለተማሪ የሚጠቅመው ፈንገሱ ምን ያህሉን ሥራ እንደሚሠራ ማየት ነው። ፔኒሲሊንን ፍሌሚንግ በ1928 አገኘው፤ ምርት ወደ ፋብሪካ መጠን የተሸጋገረው ግን የአሜሪካዋ ፒዮሪያ ቤተ ሙከራ ሻጋታውን የበቆሎ ማለስለሻ ፈሳሽ ሲመግበውና በ1943 ከሻገተ ካንታሎፕ ሐብሐብ የተሻለ ዝርያ ሲገኝ ነው። ዛሬ ከሚመረተው ፔኒሲሊን አብዛኛው እንዳለ አይሸጥም፤ አንድ ኢንዛይም ጭራውን ቆርጦ እምብርቱን ይተወዋል፣ ኬሚስቱም ሌላ ጭራ ይቀጥልለታል፤ አሞክሲሲሊን እንዲህ ነው የሚሠራው። በስታቲኖች (ኮሌስትሮል በሚቀንሱ መድኃኒቶች) ላይ ሦስቱም መንገዶች ጎን ለጎን ይታያሉ። በ1987 የተፈቀደው ሎቫስታቲን አስፐርጊለስ ቴሬየስ እንደሰጠው ነው፤ ሲምቫስታቲን በጥቂቱ የተነካካ ነው፤ አቶርቫስታቲን ደግሞ ሙሉ በሙሉ የኬሚስት ሥራ ነው፤ ሐሳቡን ብቻ ጃፓናዊው አኪራ ኤንዶ በ1970ዎቹ ከፔኒሲሊየም ሻጋታ ካገኘው ወረሰ።

በሰብል ላይ ስትሮቢሉሪኖች የተባሉ ፀረ-ፈንገስ መድኃኒቶች አሉ። መነሻቸው በወደቀ የጥድ ፍሬ ላይ የምትበቅል ትንሽ እንጉዳይ ናት፤ ተቀናቃኝ ፈንገሶችን በዚህ ውህድ እስትንፋሳቸውን ታቋርጣለች። በ1977 የታወቀው ተፈጥሯዊው ስትሮቢሉሪን ብርሃን ሲነካው ስለሚፈርስ እርሻ ላይ አይቆይም፤ ስለዚህ በ1996 ገበያ የወጡት እነ አዞክሲስትሮቢን ብርሃን እንዲችሉ የተቀናበሩ ናቸው። ለሚመርጥ ሰው ዋናው ነገር በሽታውን መለየት ነው። የስንዴ አመዳይ ገና በ1998 ሰሜን ጀርመን ውስጥ ተላመዳቸው፤ መንስኤውም መድኃኒቱ በሚያጠቃው የእስትንፋስ ፕሮቲን፣ በሳይቶክሮም ቢ፣ 143ኛ ቦታ ላይ የምትለወጥ አንዲት አሚኖ አሲድ ናት። የስንዴ ዋግ ግን በዚያው ቦታ አጠገብ ዘረመሉ ውስጥ ኢንትሮን (ፕሮቲኑ ከመሠራቱ በፊት ተቆርጦ የሚወጣ ቁራጭ) አለው፤ ለውጡ ቢደርስበት ዘረመሉ ተቆርጦ ስለማይገጣጠም ራሱን ይገድላል። ስለዚህ ለዋግ ስትሮቢሉሪን አሁንም ጠንካራ ምርጫ ነው፤ ለአመዳይ ግን አሠራሩ ከተለየ ሌላ መድኃኒት ጋር ካልሆነ ብቻውን አይረጭ።

ኪቶሳን፦ ከሽሪምፕ ወይስ ከሻጋታ?

የሲትሪክ አሲድ ፋብሪካ አሲዱን ካወጣ በኋላ የሻጋታ ክምር ይቀረዋል፤ የዚያ ሻጋታ ግድግዳ ኪቲን የተባለ ጠንካራ ውህድ አለው፣ ከእሱም ፈሳሽ ለማጥራት የሚያገለግለው ኪቶሳን ይወጣል። ኪቶሳን ከሽሪምፕ ቅርፊትም ይወጣል፤ ቅርፊቱ ግን በኖራ የተሞላ ስለሆነ መጀመሪያ በጠንካራ አሲድ መታጠብ አለበት፤ የሻጋታው ይህን አይፈልግም። የሽሪምፕ አለርጂ ላለበት ሰው በሚደርስ ምርት ላይ፣ እንዲሁም በወይን ጠጅ ማጥሪያ ላይ የሻጋታው ይመረጣል፤ በአውሮፓ ለወይን ጠጅ የተፈቀደው የአስፐርጊለስ ናይጀሩ ነው። ለቆሻሻ ውሃ ማጥሪያ ብቻ ከሆነ የሽሪምፑ በርካሽ ያንኑ ይሠራል።

ከመግዛት በፊት ወረቀቱን ስለማንበብ

የኢንዛይም ዋጋ በኪሎ አይወዳደርም። ጉልበቱ የሚለካው በሥራ አሃድ ነው፤ የአንዱ አምራች አሃድ ደግሞ ከሌላው ጋር አንድ ላይሆን ይችላል፣ ምክንያቱም መለኪያው ሲደረግ የነበረው ሙቀትና ፒኤች ይለያያል። በራስዎ ጥሬ ዕቃ፣ በራስዎ ሙቀት ሁለቱን ጎን ለጎን ሞክረው «አንድ ቶን ለማምረት ስንት ወጣብኝ?» ብለው ያስሉ። ስለ ዝርያው ደኅንነትም ይጠይቁ፤ አንዳንድ የአስፐርጊለስ ናይጀር ዝርያዎች ኦክራቶክሲንና ፉሞኒሲን የተባሉ መርዞችን መሥራት ስለሚችሉ ታማኝ አምራች ያንን ዝርያ እንደመረመረ የሚያሳይ ሰነድ ያቀርባል።

ዱቄት ወይስ ፈሳሽ የሚለው ምርጫም እንደ ቀላል መታየት የለበትም። የኢንዛይም ብናኝ ከትንፋሽ ጋር ሲገባ አለርጂ ያስነሣል፤ በዳቦ ጋጋሪዎች ላይ ከሚታየው የሙያ አስም መንስኤዎች አንዱ ይኸው የአስፐርጊለስ ኦራይዜ አሚሌዝ ነው። አንዴ የተነሣ አለርጂ ደግሞ በጥቂት ብናኝ ይቀሰቀሳል፤ ሰውየው ሙያውን ጥሎ እስከ መሄድ ሊደርስ ይችላል። ፈሳሹ ወይም በሽፋን የተለበጠው ጥራጥሬ ዋጋው ትንሽ ቢጨምርም እሱን ይግዙ። ዱቄት ብቻ ከተገኘ ግን የሚመዝነው ሰው አየር በሚመጥ ማሽን አጠገብ ሆኖ ጭምብል አድርጎ ይመዝን፤ የፈሰሰውንም በመጥረጊያ አያብንነው፣ በእርጥብ ጨርቅ ያንሣው።